ከቅጠሉ በፊት ሥሩን፦ ስለ ኔማቶድና ስለ ቅመማ ቅጠሎች

ለሕዝብ ከተሰጠ የትምህርት ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ

ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ፣ በዓይን ስለማይታይ ትል ለመስማት እዚህ ድረስ መምጣታችሁ በራሱ ምስጋና ይገባዋል። ከመካከላችሁ በጓሮው ሁለት መደብ በሶብላ ያለው ይኖራል። በመስኖ ድምብላልና ናና አምርቶ ለገበያ የሚያቀርብም ይኖራል። ቅመም ገዝቶ በርበሬ ከማስፈጨት ያለፈ ከእርሻ ጋር ጉዳይ የሌለውም አይጠፋም። ለሦስታችሁም የሚሆን ነገር ይዤ መጥቻለሁ ብዬ አስባለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ በአጭሩ ይህ ነው፦ ቅጠሉን ለምንሸጠውና ለምንበላው ተክል ዋናው ሀብት ሥሩ ነው፤ ሥሩን የሚያጠቃው ኔማቶድ የሚያደርሰው ጉዳት መጠኑ የሚወሰነው ደግሞ በአብዛኛው ገና ሳንተክል ነው። ይህንን ለማስረዳት በሦስት ደረጃ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ትሉ ማን እንደሆነና ሥር ውስጥ ምን እንደሚሠራ እናገራለሁ። ቀጥዬ ቅመማ ቅጠሎች ከሌላው ሰብል በተለየ ለምን እንደሚጎዱ አሳያለሁ። በመጨረሻ ከመትከል በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ እያንዳንዱ ዘዴ እስከ የት እንደሚያስኬድ እንመለከታለን።

ኔማቶድ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን ባዕድ ነው፤ ወገኑን ግን እናውቀዋለን። የልጆችን ሆድ የሚያውከው ወስፋት ኔማቶድ ነው። አብዛኞቹ ኔማቶዶች ግን ሰውም ተክልም ሳይነኩ በአፈር ውስጥ ይኖራሉ። ባክቴሪያና ፈንገስ ይበላሉ፤ ከምግባቸው የተረፈውን ናይትሮጅን ተክል ሊወስደው በሚችል መልክ ወደ አፈር ይመልሳሉ። ስለዚህ ኔማቶድ የሌለበት አፈር ጤነኛ አፈር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ዛሬ የምናወራው ተክል ላይ ጥገኛ ሆነው ስለሚኖሩት፣ በተለይም ሥር ስለሚያሳብጡት ጥቂቶች ነው።

በተክል ላይ ጥገኛ የሆነ ኔማቶድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጉሊ መነጽር የታየው እ.ኤ.አ. በ1743 ነው። ጆን ተርበርቪል ኒደም የተባለ እንግሊዛዊ የተበላሸ የስንዴ ፍሬ ከፍቶ ውኃ ቢያደርግበት፣ በውስጡ የነበሩት ደረቅ ጭረቶች መላወስ ጀመሩ። ሥር የሚያሳብጠውን ደግሞ ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ የተባሉ ቄስና የፈንገስ አጥኚ በ1855 እንግሊዝ አገር በግሪን ሃውስ የበቀለ ኪያር ሥር ላይ አግኝተው ጻፉ። የእነዚህ ሥር አሳባጮች ወገን የሚጠራበትን ሜሎይዶጋይን የሚለውን ስም ያወጣው ኤሚል ጎልዲ ነው፤ በ1887 ብራዚል ውስጥ የታመመ ቡና ሲያጠና ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥር የሚያሳብጠው ትል ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስል ነበር። በ1949 አሜሪካዊው ቺትውድ ዝርያዎቹን ለያይቶ አስቀመጣቸው። ይህ ልየታ የምሁራን ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ሰብል ማፈራረቅ ስንነጋገር ግን ለገበሬ ምን ያህል እንደሚጠቅም እናያለን። ዛሬ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ግን አራት ናቸው፦ ኢንኮግኒታ፣ ጃቫኒካ፣ አሬናሪያና ሃፕላ።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የሚንቀሳቀሰው በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ባለው ቀጭን የውኃ ሽፋን ውስጥ ነው። የሥርን ጠረን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከሥር ጫፍ አጠገብ ሲደርስ በአፉ ባለው መርፌ ወግቶ ይገባል። በሴሎች መካከል እየተሹለከለከ ወደ ጫፉ ይወርድና እዚያ ዞሮ ወደ ሥሩ መሐል፣ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች ገና ወደሚሠሩበት ቦታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። በዙሪያው ካሉት ሴሎች ከአምስት እስከ ሰባት ወደሚሆኑት በመርፌው ምራቁን ያስገባል። ሴሎቹ አይሞቱም፤ አሠራራቸው ይለወጣል እንጂ። ኒውክሊየሳቸው ደጋግሞ ይከፈላል፤ ሴሉ ራሱ ግን ስለማይከፈል እየገዘፈ ይሄዳል። በአካባቢው ያሉት ሌሎች ሴሎች ይበዛሉ፤ ሥሩም ያብጣል። ሌባ ያገኘውን ዘርፎ ይሄዳል፤ ይህ ትል ግን ጓዳ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ የቤቱን እመቤት ለእሱ ብቻ እንድትጋግር የሚያደርግ እንግዳ ነው። ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥር ሲልክ፣ ብዙው እነዚያ የገዘፉ ሴሎች ጋ ይቀራል።

ሴቷ እየበላች ትወፍራለች፤ በመጨረሻም ከ300 እስከ 500፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንቁላል ሙጫ በሚመስል ነገር ጠቅልላ በሥሩ ገጽ ላይ ትጥላለች። ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ ለመራባት ወንድ አያሻቸውም፤ ስለዚህ አንዲት እጭ ብቻዋን ዘር መተካት ትችላለች። አፈሩ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ፣ ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። እስቲ እናስላው። ከ300 እንቁላል ውስጥ 30ው ብቻ ተሳክቶላቸው ለመውለድ በቁ እንበል። በመጀመሪያው ወር 30፣ በሁለተኛው 900፣ በሦስተኛው 27 ሺህ ይሆናሉ። በእርግጥ ሥሩ ሲጠብባቸው፣ ምግቡም ሲያንስ ፍጥነቱ ይገታል፤ ቢሆንም ስሌቱ በአንድ ወቅት ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል።

ይህን ይዘን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፦ ቅመማ ቅጠሎች ለምን በተለየ ይጎዳሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የአቆራረጡ ነገር ነው። ስንዴ አንዴ ይታጨዳል፤ ያበቃል። በግሪን ሃውስም ሆነ በመስክ ለትኩስ ቅጠሉ የሚመረት በሶብላ ግን ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ናናም እንዲሁ። ተክሉ ቅጠሉ በተቆረጠ ማግሥት ምግብ የሚሠራበት ሰፊ ገጽ የለውም። አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በጉቶውና በሥሩ ካስቀመጠው ስንቅ፣ ሥሩም ከሚስበው ውኃና ንጥረ ነገር ነው። ትሉ የሚቀማው ይህንኑ ስንቅ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቆረጣ ላይታወቅ ይችላል፤ ማሳው ያማረ ይመስላል፤ ገበሬውም ደስ ብሎት ይሸጣል። በሁለተኛው ቆረጣ ዳግም እድገቱ ይዘገያል፤ ቅጠሉ ያንሳል። በሦስተኛው ላይ አንዳንዱ ጉቶ ጨርሶ አያቆጠቁጥም። በዚህ መሐል ትሉ ሁለት ሦስት ትውልድ ተክቷል። ማለትም ተክሉ ስንቁን በሚጨርስበት ጊዜ ላይ ነው የጠላቱ ቁጥር ጣራ የሚደርሰው።

የአገራችን በሶብላ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለበርበሬና ለሽሮ የምንፈልገው ለጋ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን አበባውን ጭምር ስለሆነ፣ እስኪያብብ ድረስ መደቡ ላይ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ለትሉ ተጨማሪ ትውልድ ይሆነዋል። አበባው ተለቅሞ ሲያበቃ ብዙ ሰው ግንዱን ነቅሎ አይጥልም፤ ሥሩ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ለትሉ ቀለብ ሆኖ ይቀራል።

ድምብላል፣ እንስላልና ፓርስሊ አንድ ዘመድ ናቸው፤ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አላቸው። ብዙውን ጊዜ ዘራቸው በቀጥታ ማሳው ላይ ስለሚዘራ፣ ትሉ የሚያገኛቸው ገና ሥራቸው ክር ሳለ ነው። በዚያ ዕድሜ ጫፉ የተወጋ ሥር ይቆማል፤ ወይም ሹካ ሆኖ ይከፈላል። ናና የሚራባው በሥር ቁራጭና በሚሳብ ግንድ ነው፤ ከታመመ ማሳ የመጣ ናና ትሉን ከነቤተሰቡ ይዞ ይመጣል። ሕንድ ለዘይቱ ብላ ናናን በሰፊው ታመርታለች። በሉክናው ከተማ የሚገኘው የመድኃኒትና የመዓዛማ ዕፅዋት ማዕከላዊ ተቋም የሥር ኔማቶድን የናና ዋና ጠላት አድርጎ ለብዙ ዓመታት ያጠናውም ለዚህ ነው። የቅጠሉ ክብደት ሲቀንስ ከአንድ ሄክታር የሚጨመቀው ዘይትም አብሮ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ምልክቱ ማሳሳቱ ነው። ያበጠ ሥር ውስጥ የውኃው ቧንቧ ተቆራርጧል፤ ስለዚህ ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ አመሻሽ ላይ ቀና ይላል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ ይህም በማሳው ሁሉ ላይ ሳይሆን እዚህም እዚያም በቁራጭ ቁራጭ ይታያል። ገበሬው የጠወለገውን አይቶ ውኃ ይጨምራል፤ ቢጫውን አይቶ ዩሪያ ይጨምራል። ውኃውም ማዳበሪያውም ገንዘብ ናቸው፤ የሚቀበላቸው ሥር ግን የለም። በዚያ ላይ በቆሰለው ሥር ፉዛሪየምን የመሳሰሉ አጠውላጊ በሽታዎች በቀላሉ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ለሞቱ የሚወቀሰው በሽታው ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ገበያው ነው። ቲማቲም የሚያመርት ሰው ቅጠሉ ቢገረጣም ፍሬውን ይሸጣል። ቅጠል የሚሸጥ ሰው ግን ቅጠሉ ከገረጣ የሚሸጠው የለውም። ወደ አውሮፓና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ትኩስ ቅጠል የሚልኩ እርሻዎቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል። ይኸው ገበያ በሌላ በኩል ደግሞ፣ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ስለሆነ፣ የመርዝ ቅሪት ቢገኝበት ይመልሰዋል። አምራቹ በሁለት በኩል ተይዟል፦ ቅጠሉ መታመሙም መታከሙም ያስጠይቀዋል።

የእኛ አገር ሁኔታ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ፣ በቆቃ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ ባሉት የመስኖ ማሳዎች ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ በቲማቲምና በቃሪያ ሥር ላይ በብዛት የሚገኙ ናቸው። አፈሩ ሞቃት ነው፤ ውኃው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። አንድ ማሳ ለቲማቲም አልሆን ሲል፣ “እንግዲህ ቅጠል ይሁንበት” ተብሎ በሶብላ ወይም ድምብላል ይገባበታል። ማሳው ለቲማቲም እንቢ ያለው በኔማቶድ ምክንያት ከሆነ ግን የተለወጠው ሰብሉ ነው፤ ትሉ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጉዳቱ ነው። ሦስተኛው ክፍል የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት ትል ሲኖር ነው ጉዳት የሚባለው? እ.ኤ.አ. በ1987 ሳሰርና ፍሬክማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከብዙ አገሮች ባለሙያዎች ግምት ሰብስበው፣ ኔማቶዶች በዓለም ዋና ዋና ሰብሎች ላይ በአማካይ 12.3 በመቶ ያህል ምርት ያሳጣሉ ብለው ነበር። ቁጥሩ ዛሬም በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ነገር ግን አማካይ ለአንድ ገበሬ ምንም አይነግረውም፤ አንዱ ማሳ ሳይነካ ጎረቤቱ ሊጠፋ ይችላል። ለገበሬው የሚሆነው መልስ የመጣው ቀደም ብሎ፣ በ1965 ነው። ሆላንዳዊው ሳይንሆርስት የምርትን መቀነስ በሚተከልበት ጊዜ አፈር ውስጥ ካለው የትል ብዛት ጋር አያያዘው። ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ተክሉ ችሎ ያልፈዋል፤ ወሰኑ ሲታለፍ ግን ትሉ በበዛ መጠን ምርቱ እየወረደ ይሄዳል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ትሉን ከማሳ ጨርሶ ማጥፋት ግባችን መሆን የለበትም፤ ከወሰኑ በታች ማውረድ ይበቃል። ሁለተኛው፣ የሚቆጠረው ዕለት የመትከያው ዕለት ነው። ትሉ ሥር ውስጥ ከገባ በኋላ በተክሉ ገላ ተሸፍኗል፤ ያን ጊዜ ለማከም መሞከር ዘግይቶ መነሣት ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ያገኘው መልስ አፈሩን በመርዝ ማጠን ነበር። በ1943 ሃዋይ ውስጥ፣ በአናናስ ማሳ ላይ ዲ-ዲ የተባለው ድብልቅ ተሞክሮ በጣም ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከታተሉ። ዋጋው የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1977 ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን፣ ዲቢሲፒ የተባለውን ኬሚካል በሚያመርት የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ወንዶች መካን ሆነው ተገኙ። ሌላው ማጠኛ፣ ሜቲል ብሮማይድ፣ ደግሞ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለአፈር ማጠኛነት ያደጉት አገሮች እስከ 2005፣ እንደ እኛ ያሉት እስከ 2015 እንዲተዉት ተወሰነ። መርዙ ትሉን ይገድል ነበር፤ ከእሱ ጋር ግን ሠራተኛውንና በአፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ይነካ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንሠራው ይበልጥ ትዕግሥት በሚጠይቁ ዘዴዎች ነው።

ከሁሉ በፊት ማየት ይቀድማል። የቀድሞውን ሰብል ስትነቅሉ በኃይል አትሳቡት፤ የታመመው ክር ሥር አፈር ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። በዶማ ቆፍራችሁ፣ በውኃ አጥባችሁ ተመልከቱ። እብጠት ካለ ታዩታላችሁ። ባቄላ ወይም አተር ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የእነሱ ሥር ናይትሮጅን የሚሠሩ ጤነኛ እንክብሎች አሉት። እንክብሉ በጣት ሲገፋ በቀላሉ ይላቀቃል፤ የኔማቶዱ እብጠት የሥሩ አካል ስለሆነ አይላቀቅም። ማሳው ባዶ ከሆነ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስዳችሁ በቆርቆሮ ሙሉ፤ የቲማቲም ችግኝ ትከሉበት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡ። ላቦራቶሪ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ሁለተኛው ቦታ ችግኝ መደቡ ነው። መደቡ ትንሽ ስለሆነ ንጹሕ ማድረግ ይቻላል፤ ከመደቡ የወጣ የታመመ ችግኝ ደግሞ ንጹሑን ማሳ ሁሉ ይበክላል። እስራኤላዊው ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ በ1976 ያሳተሙት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በዓመቱ በጣም በሚሞቀው ወቅት አፈሩን አርጥቦ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን ላስቲክ ዳር ዳሩን በአፈር ደፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መሸፈን ነው። ፀሐይዋ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አፈሩን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ታደርሰዋለች፤ ትሉም እንቁላሉም ይህን አይችሉም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል፤ በጥልቀት ያለው ትል ይተርፋል። ለችግኝ መደብ ግን የላይኛው አፈር በቂ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዝናቡ በፊት ያሉት ወራት ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ በደመናማ ደጋ ግን ብዙ አይጠበቅበትም።

ሦስተኛው ሰብል ማፈራረቅ ነው። የቺትውድ ልየታ የሚጠቅመንም እዚህ ነው። በቀዝቃዛው ደጋ የሚገኘው ሃፕላ በሣር ወገን ሰብሎች ላይ አይራባም፤ ስለዚህ ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት ማሳ ትሉን ያስርበዋል። በቆላው ያሉት ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ ግን በበቆሎ ላይ ይራባሉ፤ “በበቆሎ አሳርፌዋለሁ” የሚል የቆላ ገበሬ ትሉን ሲቀልብ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ኦቾሎኒ በተቃራኒው ለኢንኮግኒታ አይመቸውም፤ ለሃፕላ ግን ይመቸዋል። የዝርያውን ማንነት ሳያውቁ ማፈራረቅ ዕጣ መጣል ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ማሳም አረም ከወረረው አላረፈም፤ አውጥን የመሰሉ አረሞች ትሉን ያኖሩታል።

አራተኛው ከራሳችን ምድር የወጣ ነው። ጎመንዘር የኢትዮጵያ ሰብል ነው፤ ፍሬው ሲኒግሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ተፈጭቶ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ኔማቶድን የሚገድል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። የጣሊያን ተመራማሪዎች ይህን አጥንተው የጎመንዘርን ፋጉሎ ለአፈር ማጽጃነት እስከ ማቅረብ ደርሰዋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዘይቱ በከፍተኛ ሙቀት የተጨመቀ ፋጉሎ ጋዙን የሚያወጣውን ኢንዛይም ስለሚያጣ ኃይሉ ይደክማል። ፋጉሎው ከአፈር ከተቀላቀለ በኋላም ወዲያው መትከል አይገባም፤ ትሉን የነካው ችግኙንም ይነካል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ታጌተስ የተባለው አበባም እንዲሁ የተፈተነ ነው። ሥሩ ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር በ1958 ሆላንድ ውስጥ ተለይቷል። የሚሠራው ግን መደቡን ጥቅጥቅ አድርጎ ሞልቶ ለወራት ሲቆይ ነው፤ በበሶብላ ዳር ተራርቀው የተተከሉ አምስት ስድስት አበቦች ከማማር ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

እዚህ ላይ የዘዴዎቹን ዝርዝር ላብቃ፤ አንድ የቀረ ነገር አለኝ። ትሉ በራሱ ጉልበት በዓመት ከአንድ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከማሳ ማሳ የሚያዳርሰው የእኛ ዶማ፣ የእኛ ጫማ፣ የምንሸጠው ችግኝና የምንጋራው የመስኖ ቦይ ነው። በላይኛው ማሳ የታመመ ሥር ቦይ ውስጥ ከተጣለ፣ የታችኛው ገበሬ መደቡን ስድስት ሳምንት በላስቲክ ሸፍኖ ያጸዳው በአንድ ተራ ውኃ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ብርቱ ገበሬ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ስለ ውኃ ተራ ደንብ እንዳላቸው ሁሉ፣ የተነቀለ ሥር የት እንደሚደርቅና እንደሚቃጠል፣ ችግኝ ከየት እንደሚገዛም ደንብ ሊኖራቸው ይገባል። ችግኝ ሻጩ ሥሩን አጥቦ ለገዢው ያሳይ፤ ገዢውም ሳያይ አይግዛ። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ፣ በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ የሚሠሩ ተቋማት አሉን፤ የትኛው ማሳ ላይ የትኛው ዝርያ እንዳለ ለይተው እንዲነግሩን ናሙና ይዘን መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ይህ ሁሉ ከመርዝ ዋጋ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ ከባዱ ነገር መስማማቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመትከያው ወቅት በፊት ተሰብስበን መጀመር እንችላለን።